የቢንያም መኪና

«ልጄ ቢንያም ነው የሠራት!» አለ አባቷ፣ አፉን ሞልቶ።

ቤዛዊት ይህን የሰማችው መኝታ ቤቷ ውስጥ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነው። መኝታ ቤቷን ከሳሎኑ የሚለየው ግድግዳ፣ ግድግዳ ይባል እንጂ ካርቶን ነው፤ ወዲያ ያለ ሰው ቢያስነጥስ ወዲህ ያለው «ይማርህ» ሊል ይችላል። እሷም ደግሞ ጆሮዋን ጥላ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ስለ ራሷ እየተወራ፣ ጆሮዋን የማትጥል ሴት ካለች ትቅረብና ትናገር። ሦስቱ ሽማግሌዎች እዚሁ አሜሪካ ካለችው ከአሌክሳንድሪያ ተነስተው ሲልቨር ስፕሪንግ የደረሱት ልክ በስምንት ሰዓት ነበር፤ የእኛ ሰው ሰዓት የሚያከብረው ለሽምግልና ሲላክ ብቻ ነው። እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አባቷም እንደ ወጉ «ኧረ በእግዜር ተቀመጡ» እያለ ለመነ። ሊያገባት የጠየቃት የጊዲዮን አጎት አቶ መንገሻ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን፣ ሁለተኛው ሽማግሌ አቶ ሀብተማርያም ወጉን አፈረሱት። እሳቸው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አጠገብ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ጋራዥ የነበራቸው ሰው ናቸው። ሲገቡ ታናሽ ወንድሟ ቢንያም በረዶ ገዝቶ እየተመለሰ፣ መኪናዋን ደጅ ላይ ሲያቆማት አይተዋል። «ይቅርታ ይደረግልኝና» አሉ፣ «እደጅ ያለችው ዲኤክስ ኮሮላ የማን ናት? ድምጿን ሰማሁት። ካርቡራተር ያላት ዲኤክስ እንደዚያ አትሠራም።»

አባቷ ዝም ማለት ይችል ነበር። «የቆየች መኪናችን ናት» ብሎ ወደ ጉዳዩ ቢመለስ የሚጠይቀው አልነበረም። ግን አቶ ንጉሡና ዝምታ በአንድ ቀን አልተፈጠሩም። ኮሮላዋን የገዛት አሜሪካ በገባ በዓመቱ ነው፤ የ1982 ስሪት ናት፣ ከቤዛዊት ጋር እኩያ። ሚስቱንና የዘጠኝ ዓመት ልጁን ከኤርፖርት ያመጣው በእሷ ነው፤ ቢንያምን ከተወለደበት ሆስፒታል ያወጣው በእሷ ነው። ሞተሯ ሲያረጅ፣ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ስትል፣ ጎረቤት በጭሷ ሲማረር እንኳ ሊሸጣት አልጨከነም። አሁን መኪናዋ እንደ አዲስ ሆናለች፤ እሱም ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ያወራላታል። ኩራቱ ሊያፈነው ደርሷል። ስለዚህ ተናገረ። ተናግሮም የሴት ልጁን ሥራ ነጥቆ ለወንድ ልጁ ሰጠ።

ቢንያም! የአሥራ ሁለት መፍቻን ከአሥራ ሦስት መለየት የማይችለው ቢንያም! ቤዛዊት ደሟ ፈላ። አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ነቅላ የጣለችው እሷ ናት። ቤንዚኑን የሚረጩትን አራቱን ኢንጀክተሮች፣ ሪቨርዴል ፓርክ አጠገብ ካለ የአሮጌ መኪና መጣያ፣ በጥር ብርድ፣ ጣቶቿ እየደነዘዙ፣ ከአንድ ከተገጨ መኪና ላይ የፈታቻቸው እሷ ናት። ኢንጀክተሮቹ መቼ እንደሚከፈቱ፣ ለሰከንድ ስንት ሺህኛ ክፍል ያህል እንደሚከፈቱ የሚያዝዘውን ኮምፒውተር ደግሞ ከሱቅ አልገዛችውም። ባዶ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አምጥታ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ዕቃዎችን አንድ በአንድ እየበየደች፣ ክረምቱን ሙሉ በራሷ እጅ ሠራችው። ሥራዋ ሆስፒታል ውስጥ የተበላሹ የሕክምና ማሽኖችን መጠገን ስለሆነ ብየዳው አልከበዳትም። የከበዳት ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ሰንጠረዥ ሞልተሽ ስጪኝ ይላል። በአንድ በኩል የሞተሩ ፍጥነት፣ በሌላ በኩል ጫናው፣ በያንዳንዷ ሣጥን ውስጥ አንድ ቁጥር፣ መቶ አርባ አራት ሣጥን። ቁጥሩ ካነሰ ሞተሩ ያስነጥሳል፤ ከበዛ ጥቁር ጭስ ይተፋል። እሷ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጥር ስታርም፣ ቢንያም መሪ ይዞ «ፍጠን» ስትለው ይፈጥናል፣ «ቀስ በል» ስትለው ቀስ ይላል። የቢንያም ድርሻ ይኸው ነበር። በዚያም ላይ እየተማረረ።

ብድግ ስትል እናቷ የቀሚሷን ጫፍ ያዘቻት። ወይዘሮ አሰፋሽ ወጡን ለእህቷ ለተናኘወርቅ አደራ ብላ ከልጇ ጋር የተቀመጠችው ለዚሁ ነበር፤ ልጇን ታውቃታለች። «ተይ» አለቻት በሹክሹክታ። «አንቺ ዛሬ ተጠያቂ ነሽ፤ የተጠየቀች ልጅ ሳትጠራ አትወጣም።» ቤዛዊት ተመልሳ ተቀመጠች። እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየቻቸው። እናቷ ከሐሙስ ጀምሮ በሎሚና በስኳር ስትፈትጋቸው ከርማለች፤ ጥፍሯ ሥር የቀረውን ጥቁረት ደግሞ ዛሬ ጠዋት ቀይ ቀለም ቀብታ ሸፈነችው። ያኔ ቤዛዊት ስቃ ነበር። የሙሽራ ወግ መስሏት።

«እስቲ እንያት» ሲሉ ተሰሙ አቶ ሀብተማርያም። አቶ መንገሻ «ኧረ መጀመሪያ የመጣንበትን...» ብለው ነበር፤ የሰማቸው የለም። አባቷ ቀድሞ ደረጃውን እየወረደ ነበር። ቤቱ ሳሎኑም መኝታ ቤቶቹም ፎቅ ላይ ናቸው፤ ከታች ጋራዥ ነው፤ የቤዛዊት መስኮት ደግሞ መኪናዋ በምትቆምበት ደጅ አናት ላይ ነው። መጋረጃውን በአንድ ጣት ገለጥ አድርጋ አየች። ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ሱፍ ላይ ደርበው ኮሮላዋን ከበዋታል። ከሦስቱ አንዱ ቄስ ናቸው፤ መስቀላቸውን ይዘው ትንሽ ራቅ ብለው ቆመዋል። አባቷ ኮፈኑን ከፈተ። አቶ ሀብተማርያም ወገባቸውን ይዘው አጎነበሱ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ሞተሩ ሰድደው፣ ሽቦዎቹ የታሰሩበትን፣ ቱቦዎቹ የተቀጠሉበትን፣ ሁሉንም ሳይነኩ ተከተሉት።

«ይህን ያሰረ እጅ ንጹሕ ነው» አሉ፣ አጠገባቸው ወደ ቆመው ቢንያም ዞረው። «ጎሽ፣ አንተ ልጅ። እስቲ ንገረኝ፣ አየሩን በምን ያውቀዋል? ስንት አየር እንደገባ ሳያውቅ ቤንዚኑን መመጠን አይችልም እኮ።»

ቢንያም ራሱን አከከ። «ኮምፒውተሩ ያውቀዋል» አለ። «ላይክ... ሴንሰር አለው።»

«የምን ሴንሰር?»

ቢንያም ሳያስበው ወደ ላይ፣ ወደ እህቱ መስኮት አየ። ቤዛዊት መጋረጃውን ለቀቀችው፤ መልሱን ግን ታውቀዋለች። አየሩ ወደ ሞተሩ ከሚገባበት ላይ በቀጭን የጎማ ቱቦ ግፊቱን ይለካል፤ ግፊቱን ከአየሩ ሙቀት ጋር ያሰላዋል፤ አየሩንም ከዚያ ያውቀዋል። ይህን ለመረዳት ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥታበታለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰው ሁሉ «ቤንዚን ትቆጥባለች ወይ?» እያለ ሲጠይቅ፣ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቁ እኚህ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። የጠየቁትም እሷን አይደለም። በአባቷ ከተናደደችው ይልቅ በዚህ አንጀቷ አረረ።

«አስነሳትና እንስማት» አሉ አቶ ሀብተማርያም። ቢንያም ገባ። ቁልፉን ከማዞሩ በፊት አባቷ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ «ርገጥ!» አለው። «ቤንዚን ስጣት! እስከ ታች!» አቶ ሀብተማርያምም በልማድ «አዎ፣ ርገጣት» አሉ። አዲስ አበባ ዲኤክስ የነዳ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ቤንዚን መስጫውን አንድ ሁለቴ ካልረገጧት አትነሳም። ሠላሳ ዓመት እግር ውስጥ የገባ ልማድ ነው። ግን እሱ የካርቡራተር ወግ ነው። ቤዛዊት ኮምፒውተሩን ያዘዘችው በተቃራኒው ነው፤ መኪናዋ ስትነሳ አንድ ሰው እስከ ታች ከረገጠ ቤንዚን ስለበዛባት ነው፣ እስክትደርቅ አንዲት ጠብታ አትስጣት ብላዋለች። ቢንያም ሲረገጥ አይቶ አያውቅም፤ እሱ ሁልጊዜ ቁልፉን ብቻ ነው የሚያዞረው። ዛሬ ግን አባቱ አዘዘው፣ ሽማግሌ ጨመሩበት፣ እስከ ወለሉ ረገጠ።

ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ዞረ፣ ዞረ፤ ሞተሩ አልተነሳም። «ርገጥ እንጂ!» ረገጠ። አልተነሳም። አቶ መንገሻ ሰዓታቸውን አዩ። አባቷ ላብ አጠመቀው፤ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደ ተለጠፈ ቀርቷል። «ሁልጊዜ እንዲህ አይደለችም» ይላል፣ «ቅድም እኮ አይታችኋል» ይላል፣ መልሶ «ርገጥ!» ይላል። በረገጠ ቁጥር ቤንዚኑ ይዘጋል፤ በተዘጋ ቁጥር ርገጥ ይባላል። የባትሪው ድምፅ እየደከመ መጣ። ቤዛዊት መስኮቱ ጋ ቆማ ጥርሷን ነከሰች። ይበለው! ይዋረድ! የሠራችውን የካደ፣ ያልሠራውን ሠራ ያለ፣ እዚያው ላብ ያጥምቀው። እንዲህ ብላ ለራሷ እየነገረች እያለ፣ ሞተሪኖው ሊሞት ሲል የሚያሰማውን ያንን ድምፅ ስትሰማ አልቻለችም። በአባቷ ቢያስችላት በመኪናዋ አላስቻላትም። መስኮቱን ብርግድ አድርጋ ከፈተችው።

«ቢኒ! እግርህን አንሳ! ቴክ ዩር ፉት ኦፍ! አትርገጥ፣ ዝም ብለህ ቁልፉን አዙር!»

አራት ራሶች ወደ ላይ ቀና አሉ። ከኋላዋ እናቷ «ኧረ ጉድ ፈላ!» አለች። ቢንያም እግሩን አነሳ፣ ቁልፉን አዞረ፤ ኮሮላዋም በአንድ ጊዜ ተነሳች። ጭስ የለ፣ ማንገራገር የለ፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ዘና ብላ ትሠራ ጀመር። አቶ ሀብተማርያም ግን ሞተሩን አልነበረም የሚያዩት። ቆባቸውን አንስተው መስኮቱን እያዩ ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ አባቷ ዞሩ።

«ማን ነው የሠራት አሉኝ፣ አቶ ንጉሡ?»

አሁን እንኳ፣ አሁን እንኳ ማረም ይችል ነበር። «ቢንያም ነዋ» አለ አባቷ። «እሷ እሱ ሲሠራ እያየች ነው የለመደችው። ዐይኗ ፈጣን ነው።»

ዐይን ያወጣ ውሸት ማለት ይህ ነው። ቤዛዊት መስኮቱን ዘግታ ወደ በሩ ሄደች። እናቷ ቀድማ በሩ ላይ ጀርባዋን ለጠፈች። ትንሽ ሴት ናት፣ ለልጇ ትከሻ አትደርስም፤ ግን በሩን ይዛ አለቅም አለች። «ከአባቴ ጋር ነው የማወራው፣ ልቀቂኝ እማዬ።» «አትወጪም።» «በልጁ ፊት፣ በሰው ፊት ይዋሽብኛል እኮ!» «አባትሽን አትውቀሺው!» አለች እናቷ፣ ድምፅዋ ሊሰበር ደርሶ። «አባትሽ ምን ያድርግ? ጊዲዮን ነው።»

ቤዛዊት ቆመች።

«ማክሰኞ ደወለልኝ» አለች እናቷ፣ ወለሉን እያየች። «እትዬ አሰፋሽ አለኝ፣ ስለ መኪናው ነገር ሽማግሌዎቹ ከጠየቁ ቢንያም ነው በሉ። እናቴ አታውቅም አለኝ። ጋራዥ የምትውል ልጅ ነው ወይ ያመጣህልኝ እንዳትለኝ፣ ከሰርጉ በኋላ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ አለኝ። ስለሚወድሽ ነው። ስላንቺ ብሎ ነው።»

ጊዲዮን! በየካቲት፣ ቢንያም ፈተና ላይ በነበረ ጊዜ፣ መሪውን እሷ ይዛ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ያስቀመጠችው ለጊዲዮን አልነበረም? ሙሉ ቅዳሜ ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ እየዞሩ፣ ቁጥሩን እያነበበላት፣ «ጂኒየስ ነሽ፣ አንቺ ልጅ» እያለ፣ ስትበይድ እጆቿን በስልኩ ፎቶ እያነሳ። እሷም አመነችው። በእርግጥ አንድ ቀን አሌክሳንድሪያ ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ፣ «እጅሽን ኪስሽ ውስጥ አድርጊው፣ ለእማዬ ነው» ብሏት ያውቃል። ያኔ ብርድ መስሏት ነበር። አባቷ ውሸታም ነው፣ ጉረኛ ነው፣ ይህን ከልጅነቷ ጀምራ ታውቃለች፤ የሚያውቁት ጠባይ ስለሆነ ይናደዱበታል እንጂ አይደነግጡበትም። ይህኛው ግን ሌላ ነው። ይህኛው እያየ፣ እያወቀ፣ እያመሰገነ ነው የሸጣት። ተናደደች ማለት ያንሳል፤ ውስጧ ተቃጠለ።

«እና አንቺ እሺ አልሽው» አለቻት እናቷን።

«ምን ልበል? ሃያ ሰባት ዓመትሽ ነው።»

እናቷ የወንበሩን ጨርቅ ታስተካክላለች፣ የተስተካከለውን መልሳ ታስተካክላለች። በግድግዳው በኩል ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሲቀመጡ፣ ወንበር ሲንቋቋ፣ አቶ መንገሻ በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ቤተሰባቸው፣ ስለ ልጁ ጨዋነት፣ ባንክ ስላለው ሥራ፣ ውድብሪጅ ሊገዛ ስላሰበው ቤት በሚያምር አማርኛ ሲናገሩ ይሰማል። አልጋው ላይ ያለው ስልኳ ተንቀጠቀጠ። የጊዲዮን መልእክት ነው፤ «ተቀመጡ? እኔ እዚህ በጭንቀት ልሞት ነው» ይላል። ስልኩን በግንባሩ ደፋችው። ብዙም አልቆየ፣ ተናኘወርቅ ብቅ ብላ «ነይ፣ እየጠሩሽ ነው፤ ነጠላሽን አስተካክዪ» አለቻት። ሽማግሌዎቹ ዘመናዊ ናቸው፤ እሺታውን ከአባት ብቻ ሳይሆን ከልጅቷም አፍ እንሰማለን ብለዋል።

ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው ሁሉ በሰው ተይዟል። ቢንያም የመኪናዋን ቁልፍ እንደ ያዘ ደረጃው ጋ ቆሟል፤ ስትገባ ዐይኑን ሰበረ። ቤዛዊት የቄሱን መስቀል ተሳለመች፣ ሌሎቹን ጎንበስ ብላ ጨበጠች። አቶ ሀብተማርያም እጇን ከሌሎቹ ትንሽ አስበልጠው ያዙት። አባቷ ደስ ብሎት፣ ላቡን ጠርጎ፣ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

«የኔ ልጅ» አሉ አቶ መንገሻ፣ «የመጣንበትን ሳትሰሚ አትቀሪም። ልጃችን ጊዲዮን ልኮናል፤ ወላጆችሽም አላሳፈሩንም። አሁን ያንቺን ቃል ነው የምንጠብቀው። ፈቃድሽ ነው?»

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች ቤዛዊት። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ራሷም ገረማት። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ጊዲዮን የላካችሁ መኪና ነክታ ለማታውቅ ልጅ ነው። እንዲያ ያለች ልጅ እዚህ ቤት የለችም። ቤት ተሳስታችሁ ነው የመጣችሁት።»

ወጥ ቤት ውስጥ የነበረው የሰሃን ኳኳታ ቆመ። አባቷ መጀመሪያ ሳቀ። «መቀለድ ትወዳለች» አለ። ማንም አልሳቀለትም። «ቤዚ፣ ግቢ ወደ ውስጥ!»

«አንድ ጊዜ እውነቱን ንገራቸውና እገባለሁ፣ አባዬ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ምን ማለቷ ነው፣ አቶ ንጉሡ?» አሉ አቶ መንገሻ።

«ዳድ፣ ጀስት ቴል ደም፣ ንገራቸው በቃ» አለ ቢንያም ከደረጃው ጋ፣ ዐይኑን ሳያነሳ። «እኔ አልሠራሁም። እኔ ዝም ብዬ ነዳሁ።»

አባቷ አንዴ ወንድ ልጁን፣ አንዴ ሴት ልጁን፣ አንዴ ሽማግሌዎቹን አየ። ሸሽቶ የሚገባበት ጠፋው። ከተቀመጠበት ብድግ ሲል ጉልበቱ ጠረጴዛውን መትቶት ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። «እሺ!» ብሎ ጮኸ። «እሷ ናት! እሷ ናት የሠራቻት! ሁለት ዓመት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ በጀርባዋ ተጋድማ፣ ኮምፒውተሩን በገዛ እጇ በይዳ፣ ብሎኑን፣ ሽቦውን፣ ሁሉንም እሷ ናት! ማንም አልረዳትም! እኔ ምን ላድርጋት? ተይ ብያታለሁ፤ አልሰማ አለች። ቀጥቼ አላሳደግኳትም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በሉኝ!» ብሎ፣ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ልጁ ሰው ቤት ገብታ እንደ ሰረቀችበት አባት፣ ለሽማግሌዎቹ ጎንበስ አለ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከአባቷ አፍ እንዲወጣ የጠበቀችው ቃል ይኸው ወጣ። ምንም አልጎደለውም፤ ብየዳው አለ፣ ሽቦው አለ፣ ማንም አልረዳትም ማለቱም አለ። ግን እንደ ወንጀል ተዘርዝሮ ነው የወጣው። አቶ ሀብተማርያም «ኧረ አቶ ንጉሡ፣ ይሄ ምን ይቅርታ ያስጠይቃል?» ማለት ጀምረው ነበር፤ አቶ መንገሻ ግን ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ነው፤ እናቷ መኝታ ቤቱ በር ላይ አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች፤ አባቷ ቀና አላለም። ሲያጎነብሱላቸው ይቅር የማለት ልማድ ያላቸው ቄሱ ደግሞ መስቀላቸውን አነሱ።

«ይቅር እንዳይሉት፣ አባ» አለች ቤዛዊት። «እናንተን ማንም አልበደላችሁም። የተበደልኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ይቅር አላልኩም።»

ቁልፉን ከቢንያም እጅ ወሰደችና ደረጃውን ወረደች።